ከአንድ ፋይል ጀርባ ስንት ሰው አለ?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ፣
በመልሶ ማልማትና በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የኪራይ ውል ሳይኖራቸው መሀል ከተማ ስለሚኖሩ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ።

በአራዳ ክፍለ ከተማ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ተነስቷል። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ በስልክና በቴሌግራም እየተጠራራን እንደምንም ይዘነዋል። ድንኳኑ ኮዬ ፈጬ፣ አንድ አባላችን ዘንድ ነው። ድስቶቹ ገላን ጉራ ናቸው። መዝገቡ እኔ ጋ አለ። ሰው ሲሞትብን አሁን መጀመሪያ የምንፈልገው ድንኳን የሚጭን መኪና ነው።

ይህን የምጽፈው "ለምን ፈረሰብን?" ብዬ ልሟገት አይደለም። እውነቱን እናውራ ከተባለ የቀበሌ ቤታችን ያን ያህል የሚናፈቅ አልነበረም። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረግፋል። ሽንት ቤቱ ለግቢው ሙሉ አንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለ። ገላን ጉራ የገቡ ጎረቤቶቼ "ታክሲው ነው የሚገድለን እንጂ ቤቱስ ቤት ነው" ይላሉ። አምናቸዋለሁ።

ጭንቄ ሌላ ነው። ገላን ጉራም፣ ኮዬ ፈጬም፣ ቦሌ አራብሳም ያልደረሱ ጎረቤቶች አሉኝ። በእናንተ መዝገብ ላይ ስላልነበሩ "ተነሺ" አልተባሉም። በእድሩ መዝገብ ላይ ግን አሉ። በየወሩ ያዋጡ ነበር። አንዳንዶቹ አሁን የት እንዳሉ አላውቅም።

እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለወጣት ባለሙያዎቻችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ላስረዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወርስ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የድሃው ኪራይም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ያ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነቃነቅ ቆየ። ቀበሌው በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ መቀየር ቀርቶ ምስማር መግዛትም ይከብደው ነበር። ቤቱ አረጀ። ተከራዩ ግን ልጆች ወለደ፣ ኑሮ ተወደደበት፣ ጡረታው አልበቃ አለው። ምን አደረገ? ቤቱን ከፈለው። ሳሎኑን በቺፑድ ለሁለት ከፍሎ አከራየ። ኩሽናውን አከራየ። ጣሪያው ከፍ ያለለት ቆጥ ሠርቶ ከላይም ሰው አስገባ። ሕጉ አይፈቅድም። ሁሉም ግን ያውቃል፤ ወረዳውም ያውቃል።

እኔ እንደሚመስለኝ አዲስ አበባ ለድሃ የሚሆን ኪራይ ቤት ያቀረበችው በዚህ መንገድ ነው። ማንም አቅዶት አይደለም። ግን ሠርቷል። ሎተሪ አዟሪው፣ ሊስትሮው፣ የሆቴል ዕቃ አጣቢዋ፣ የሌሊት ዘበኛው፣ በረንዳ ላይ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ልጅ፣ ሁሉም ከቀበሌ ተከራይ ላይ የተከራዩ ነበሩ። ሥራቸው ፒያሳ ነው፣ አራት ኪሎ ነው፣ ካዛንቺስ ነው። በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ። የትራንስፖርት ብር የሚባል ነገር በበጀታቸው ውስጥ የለም።

ሰፈሩ ሲነሳ ታዲያ ቆጠራው በፋይል ነው። የግል ይዞታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ አለው። የቀበሌ ቤት ውል ያለው ምትክ የቀበሌ ቤት ይወስዳል፤ አቅም ካለው ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ይገባል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ምንም ምትክ የተነሳ ሰው በዚህች ከተማ ታሪክ ስንት እንደሆነ አውቃለሁና አላቃልለውም። ግን አንድ ፋይል ማለት አንድ ቤተሰብ ማለት ነው ብላችሁ ነው የምትቆጥሩት። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚሳሳተው።

የአንዱን ግቢ ነገር ልንገራችሁ። አራት የቀበሌ ውል ነበረበት። በእኛ መዝገብ ከዚያው ግቢ የሚያዋጣው አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው። ውል ከሌላቸው ከሰባቱ አንዷ እንጀራ ጋግረው ለሽሮ ቤቶች የሚያከፋፍሉ እናት ነበሩ። ኩሽና ተከራይተው፣ ቀን ምጣድ የሚጥዱበት ቦታ ላይ ማታ ፍራሽ እየዘረጉ ልጆች አሳድገዋል። መዝጋቢዎች የመጡ ቀን "ውል አለዎት?" ተባሉ። ከሻንጣቸው የእድር ደብተራቸውን አወጡ። ወር በወር የከፈሉበት ነው፤ አንድም ወር አልዘለሉም፤ ፊርማው የእኔ ነው። መዝጋቢው ልጅ ገለጥ ገለጥ አደረገውና "ይሄማ የቀብር ነው እናቴ" ብሎ መለሰላቸው። ክፋት አልነበረበትም። የያዘው ቅጽ ላይ የእድር ደብተር የሚሞላበት ቦታ የለውም።

እኚህ እናት ዛሬ ቡራዩ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ምጣዱን ሸጠዋል። ደንበኞቻቸው መሀል ከተማ ናቸው፣ ገሚሱም ፈርሰዋል፤ እንጀራ ተሸክመው በሁለት ታክሲ ቢመጡ ደግሞ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። አሁን የሰው ልብስ ያጥባሉ። ሰባቱም እንዲህ ተሟልቶላቸዋል ማለቴ አይደለም። እኚህ ቢያንስ በራቸውን የሚዘጉበት ክፍል አግኝተዋል።

ከእሳቸው በታች ያለውን ደረጃ ላምጣው። በአዳር የሚኖር ሰው። ወደ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ ጎጃም በረንዳ ወረድ ያላችሁ እንደሆነ በአዳር የሚከራይ ቤት ታገኛላችሁ። በወር አይደለም፤ በሌሊት። መሬት ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሰው ጎን ለጎን ይደረደራል። ጫማውን ከራሱ ስር አድርጎ፣ ብሩን ካልሲው ውስጥ ከቶ ይተኛል። የቤቱ ባለቤት ከውጭ ይቆልፋል፤ ሌባ እንዳይገባ ነው ይላሉ። እሳት ቢነሳስ? ያንን ማንም አይጠይቅም። ሽታው ከባድ ነው፣ ቁንጫው አያስተኛም። ግን ዝናብ አያገኝህም፣ ሌሊት ማንም አይመታህም፣ ሴት ልጅ ከሆንሽ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተሸካሚ የሆነ ወጣት የሥራ ቀን ከቀናው እዚያ ያድራል። ካልቀናው በረንዳ።

ልብ በሉልኝ። ያው ሰው ነው። ሰኞ "ተከራይ"፣ ማክሰኞ "ጎዳና ተዳዳሪ"። እናንተ ጋ ሲደርስ ግን በሁለት ቢሮ የተከፈለ ጉዳይ ይሆናል። ቤት የቤቶች ቢሮ ነው። ጎዳና የማኅበራዊ ጉዳይ ነው። በመካከሉ የወደቀው የማንም አይደለም። ርካሽ ማደሪያ ሲፈርስ በረንዳ ላይ የሚያድረው ሰው እንደሚበዛ ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የፈረሰው ሰፈር ሰው የሚያድርበት ስለነበረ ነው።

አውቃለሁ፣ "እነዚህ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ መጥተዋል። ጦርነት ያባረራቸው አሉ፣ ድርቅ ያባረራቸው አሉ፣ እርሻ መሬት ያልደረሳቸው አሉ። እኛስ ከየት መጣን? የዚህ ከተማ ሰው አያቱን ቢቆጥር ስንቱ ነው አራዳ የተወለደ? ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከገጠር የመጣ ልጅ መሀል ከተማ ቤት አያገኝም፤ ቤት ስለሌለው የነዋሪነት መታወቂያ አያገኝም። መሸኛ አምጣ ይባላል፤ መሸኛው የሚሰጠው ደግሞ ተፈናቅሎ የመጣበት ወረዳ ነው። መታወቂያ ስለሌለው ደግሞ ዋስ ሆኖ የሚያስቀጥረው የለም፣ ውል የሚዋዋለው አከራይ የለም። ፋይዳ መታወቂያ መምጣቱ ጥሩ ነው። ግን ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ ነዋሪ አያደርግህም። ለቀበሌ ቤት፣ ለድጋፍ፣ ለሴፍቲኔት ሲሰለፍ የሚጠየቀው የወረዳው ወረቀት ነው።

ኮንዶሚኒየሙስ? ስለ እሱ ብዙ ስለተባለ አሳጥረዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው እስካሁን የሚጠብቁ ሰዎች እድራችን ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹን ቀብረናቸዋል። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዝገቡ ተብሎ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 መጣ፤ የፊተኛው ቁጥር ገዢው ቀድሞ የሚቆጥበው በመቶኛ ነው፣ የኋለኛው የባንክ ብድር። 10/90 ወርሃዊ ገቢው ከ1,200 ብር በታች ለሆነ ሰው ነበር፤ በየወሩ 187 ብር ይቆጥባል። ሐሳቡ ቅን ነው። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቤት የሚያስተላልፍ ነበር፤ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ በ2015 እንደገና ወጣ። ሰው ደስታውን አጣጥሞ ሳይጨርስ ተነጠቀ። ይህ ሁሉ ለየብቻው ደብዳቤ ያስጽፋል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነገር ነው። መርሐ ግብሩ በሙሉ "ሰው ቤት ይግዛ" የሚል ነው። የመጨረሻው ድሃ እንኳን በ10/90 እንዲገዛ ነው የተፈለገው። ለምን? ዘበኛው መግዛት አይፈልግም፤ መተኛት ነው የሚፈልገው። ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ስንቱ ቅድመ ክፍያውን መቋቋም አቅቶት፣ ወይም ብድሩን ለመክፈል ብሎ፣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ወጣ! ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ገበያው ራሱ "ኪራይ ነው የጎደለን" ብሎ ነግሯችሁ ነበር።

የኪራይ አዋጁን አልረሳሁትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ሲጸድቅ ብዙዎቻችን እፎይ ብለናል። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ይላል። ደላላ በየስድስት ወሩ ለሚያስወጣው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለኮንዶሚኒየም ተከራይ፣ ለሰርቪስ ቤት ተከራይ በደንብ ይሠራል፤ ከአከራዩ ጋር ተስማምተው የውሸት ዋጋ ካላስመዘገቡ ማለት ነው፤ እሱም አለ። ኩሽና ለተከራየችው ሴት ግን አይደርስም። አከራይዋ ራሱ ማከራየት የማይፈቀድለት ሰው ነው። "ውል እንመዝገብ" ካለችው "በይ ውጪልኝ" ነው መልሱ። ምንጣፍ ላይ ለሚያድረው ደግሞ ሁለት ዓመት የሚባል ነገር ቀልድ ነው።

ስለ ጎዳናው አንድ ነገር ብቻ ብዬ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ጎዳና ላይ ያሉትንም ለማቋቋም ታስቦ ነበር፤ ሥልጠና ወስደው፣ ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ ልጆች አውቃለሁ። ይህ ይሠራል። የማይሠራው ትልቅ ጉባኤ ሲደርስ በሌሊት በመኪና ማፈሱ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በ2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተነስተው ሸገር ከተማ ውስጥ ማቆያ ስለገቡ ሰዎች አያያዝ አሳስቦት ሪፖርት አውጥቷል። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚደረግበት በየካቲት መንገዱ ባዶ ይሆናል። መጋቢት ላይ ሰዎቹ ተመልሰዋል፤ ብርድ ልብሳቸውን ተነጥቀው ነው የተመለሱት። ምን ተገኘ?

አሁን ወደ ጥያቄዬ።

አንደኛ፣ ሰፈር ከመነሳቱ በፊት ሰው ይቆጠር። ፋይል አይደለም፣ ሰው። ኩሽና ውስጥ ያለው፣ ቆጥ ላይ ያለው፣ በአዳር ያለው ሁሉ። ለዚህ አዲስ ሲስተም መግዛት አያስፈልግም። በየሰፈሩ እድር አለ። ማን ከማን ጋር፣ የት ግቢ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር እኛ ጋ በብዕር ተጽፏል። ሰው ለእድር አይዋሽም፤ የሚቀብረው እሱ ነውና። "ነገ ምትክ ቤት አለ ሲባል የሐሰት ተከራይ ይፈለፈላል" የሚለው ስጋታችሁ ገብቶኛል። እድር ውስጥ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አባል መሆን አይቻልም። የሦስት ዓመት መዋጮ ደረሰኝ በአንድ ሌሊት አይሠራም።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ኪራይ ቤት ነው። መሀል ከተማ ውስጥ፣ የሚሸጥ ሳይሆን የሚከራይ፣ ትንንሽ ክፍል ሥሩ። አንድ ክፍል፣ የጋራ ሽንት ቤት በየፎቁ፣ ከታች ምጣድ የሚጣድበት ሰፊ ኩሽና። ስለ ኩሽናው ቀልዴን አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታሰቡ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት "ኮሚናል" ተሠርቶላቸው ነበር። ያንን ያሰበ መሐንዲስ የአገሩን ሰው ያውቃል። አንዳንዱ ሱቅ ሆኖ ቀረ እንጂ። ለአዳር ለሚያድረውም በንጽሕና የሚያዝ፣ አልጋ ያለው፣ ከውጭ የማይቆለፍ፣ ሴትና ወንድ የተለየበት ማደሪያ ይኑር። በነጻ አይሁን፤ ያው የሚከፍለውን ይክፈል። ሰውየው የጎደለው ምጽዋት አይደለም። ምጽዋቱንማ መቄዶንያና መሰሎቹ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሱ ተሸክመውታል፤ ጉልበት ያለውን ወጣትም ጨምራችሁ አትጫኑባቸው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ ከዚያው መሬት። አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማን ቦታ በሊዝ እንድታስተላልፉ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የተጫረቱበት ጊዜ ነበር፤ ያውም የዛሬው የብር ዋጋ ሳይመጣ። የሽሮ ቤቱና የእንጀራ ጋጋሪዋ መሬት ተሽጦ ከሚገኘው ላይ ጥቂቱ በዚያው ክፍለ ከተማ ለኪራይ ክፍሎች ይመደብ። ስንት በመቶ እንደሚሆን እናንተ አስሉት። ብቻ በጽሑፍ ይሁን፣ በየዓመቱም ምን እንደተሠራበት ለሕዝብ ይነገር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። "ሁሉ" ነው የሚለው። ፋይል ያላቸው አይልም።

ሌላው መታወቂያ ነው። ጎዳና ላይ ወይም በአዳር ለሚኖር ሰው ወረዳው በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ምስክርነት ጊዜያዊ ወረቀት የሚሰጥበት መንገድ ይፈለግ። ሥራ ለመቀጠር የሚያስችለው ይሁን። ይህ ብር አይጠይቅም፤ መመሪያ ነው የሚጠይቀው።

ሌሊት ማፈሱ ይቅር። በዚህ ላይ የማብራራው ነገር የለኝም።

መልስ እጠብቃለሁ። በቴሌቪዥን ይሁን በማስታወቂያ ሰሌዳ ግድ የለኝም፤ የሚቀጥለው ሰፈር ከመነሳቱ በፊት ይሁን እንጂ። መዝገቡን ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካላችሁ እድሩ ተሰብስቦ ፈቅዷል፤ አምጥተን አብረናችሁ ተቀምጠን ግቢ በግቢ እናሳያለን። የሌሎች ሰፈሮች ጸሐፊዎችንም አነጋግሬያለሁ፤ ፈቃደኞች ናቸው። ቅድመ ሁኔታችን አንድ ነው። ከመዝገባችን የሚወጣው ስም ሰውን ቤት ለማስገባት እንጂ ከተጠጋበት ለማስወጣት እንደማይውል፣ ቀድማችሁ፣ በማኅተም፣ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ
አራዳ፣ አዲስ አበባ